መወርወሪያው እዚህ ከሆነ እጄ እዚያ ምን ይሠራል?

ባለፈው ሴሚስተር በትምህርት ክፍላችን ኮሪደር ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች መካከል የሽሮ ሜዳውን ሸማኔ የሚያሳየውን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችሁ መንገድ ላይ አቁማችሁ «አንተ ነህ እንዴ ያነሳኸው?» ብላችሁኛል። እጄን ጨብጣችሁ ያመሰገናችሁኝም አላችሁ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ምስጋናውን ለመመለስ ነው። ያ ፎቶ ውሸት ነበር። ሰውየው እውነት ናቸው፣ ቤቱም እውነት ነው፣ ፎቶው ግን ውሸት ነበር። ውሸት ያደረገው ደግሞ ካሜራው ሳይሆን እኔ የመረጥኩት ሶፍትዌርና የመረጥኩበት ምክንያት ነው።

ጉዳዩ የእኔ ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ በሆዴ እይዘው ነበር። ነገር ግን ዘንድሮም ላብ ውስጥ ቁጭ ብለን «ኤችዲአር አሪፍ አድርጎ የሚሠራው የቱ ሶፍትዌር ነው?» እየተባባልን ስንጠያየቅ እሰማለሁ። ጥያቄው ራሱ ከመነሻው የተጣመመ ይመስለኛል።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ከደጅ ፀሐይ ወደ ጨለማ ቤት ስንገባ ዓይናችን ትንሽ ይደናገርና ወዲያው ይለምዳል። መስኮቱንም እናያለን፣ ጥጉንም እናያለን። ካሜራ ግን እንዲህ አይችልም። መስኮቱ እንዲታይለት ካደረጋችሁ ጥጉ ከሰል ይሆናል፤ ጥጉን ካበራችሁለት መስኮቱ ነጭ ወረቀት ይሆናል። በፎቶ ቋንቋ አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው። ስለዚህ በአሥር ስቶፕ የሚለያዩ ሁለት ቦታዎች አሉ ስንል አንደኛው ከሌላው 1024 ጊዜ ይበራል ማለታችን ነው። ይሄን ሁሉ ልዩነት በአንድ ጄፔግ ውስጥ መክተት ጋቢን በኪስ እንደመክተት ነው፤ ጄፔግ ለእያንዳንዱ የቀለም ዓይነት ያለው ደረጃ 256 ብቻ ነውና። ኤችዲአር የሚባለው ዘዴ መፍትሔ ብሎ ያመጣው ያንኑ ቦታ በተለያየ ብርሃን ደጋግሞ አንስቶ፣ አንዱን ጨለም አንዱን መካከለኛ አንዱን ፈካ አድርጎ፣ በኋላ ማዋሐድ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ባሕሩን ከአንድ ኔጋቲቭ፣ ሰማዩን ከሌላ ኔጋቲቭ ወስዶ አንድ ፎቶ አድርጎ ያትም ነበር። ወደ ኮምፒውተር ሥራ በደንብ የገባው ፖል ዴቤቬክና ጂቴንድራ ማሊክ በ1997 ባሳተሙት ጥናት ነው። ፎቶማቲክስ በ2003 መጣ፤ ፎቶሾፕ በ2005 በወጣው ሲኤስ 2 ላይ ጨመረው፤ በ2010 አይፎን ውስጥ ገባ። ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ሳይጠይቀን በየሰከንዱ ይሠራዋል። (ኤችዲአር አልወድም የሚል ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ ያነሳውን ሁሉ ሲያሳየኝ ሳቄን እይዛለሁ።)

አሁን ወደ ሽሮ ሜዳ እንሂድ። መምህራችን የሰጡን ሥራ «ሰው በሥራ ላይ» የሚል ነበር። ሽሮ ሜዳ ከእንጦጦ ሥር ያለች፣ ከጋሞ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎች የሚበዙባት ሠፈር እንደሆነች ታውቃላችሁ። እኔ የሄድኩባቸው ሽማግሌ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው፣ በአንዲት ትንሽ መስኮት ብርሃን ነው የሚሠሩት። መስኮቷ ከድሩ ላይ ቀጥታ ታበራለች። ነጩ ሸማ ዓይን ይወጋል፤ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ደግሞ ጥላሸት ጠግቦ ድቅድቅ ያለ ነው። ለኤችዲአር ተብሎ የተሠራ ቤት ነው የሚመስለው። የተዋስኩትን ትራይፖድ ተከልኩና ሦስት ሦስት እያደረግሁ አነሳሁ፦ አንዱን በሁለት ስቶፕ ጨለም፣ አንዱን እንዳለ፣ አንዱን በሁለት ስቶፕ ፈካ። አባባ ሥራቸውን አላቋረጡም። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለሳል። «አንተ ሥራህን ሥራ፣ እኔም ሥራዬን ልሥራ» አሉኝ።

ማታ ዶርም ገብቼ ፎቶማቲክስን ከፈትኩ። ከየት እንዳገኘሁት ወደፊት እመጣበታለሁ። ሦስቱን ፋይል አስገባሁ፣ ሶፍትዌሩ አሰበ አሰበና አወጣው። ጥንካሬውን የሚወስነውን ማንሸራተቻ ይዤ እስከ ጥግ ገፋሁት። ወይ ጉድ! የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር ወጣ። የሸረሪት ድር ወጣ። የእጃቸው ደም ሥር ወጣ። በራሳቸው ዙሪያ እንደ ቅዱሳን ሥዕል ያለ አክሊለ ብርሃን ሳይቀር ወጣ። ይህ አክሊል የሶፍትዌሩ ስህተት መሆኑን ያኔ አላወቅሁም፤ ጭራሽ ውበት መስሎኝ ነበር። የዶርም ልጆች ተሰብስበው «በናትህ ይሄንን አንተ ነህ ያነሳኸው?» አሉ። አለቀ፤ ምርጫዬ ተወሰነ።

ፎቶው ኮሪደር ላይ በተሰቀለ በሳምንቱ አንድ ኮፒ አሳትሜ ለአባባ ወሰድኩላቸው። መጀመሪያ ያየችው ልጃቸው ናት። ዝም ብላ ቆየችና «አባዬን ምን ሆኑ ብለህ ነው እንዲህ ያደረግካቸው? ታመው ነበር እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ፊታቸው አመድ የነሰነሱበት ይመስላል፤ እያንዳንዱ መጨማደድ በከሰል የተሳለ ነው። እኔ «ጥልቀት» ያልኩት ነገር ሰውየውን በአሥር ዓመት አስረጅቷቸዋል።

አባባ ግን ስለ ፊታቸው ምንም አላሉም። ፎቶውን ወደ መስኮቷ አስጠግተው አዩ፣ አዩና «ልጄ፣ መወርወሪያው እዚህ ከሆነ እጄ እዚያ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስቱን ፎቶ ሳነሳ እጃቸው ይንቀሳቀስ ስለነበር ሲዋሐዱ ሦስት እጅ ያለው ሰው ሆኖ ነበር የወጣው። ይሄንን ጥላ የሚያጠፋ መሣሪያ ሶፍትዌሩ አለው። ለተንቀሳቀሰው ቦታ ከሦስቱ አንዱን መርጦ የሌላውን ይጥላል። የእኔው ሶፍትዌር እጃቸውን ከመጀመሪያው ፎቶ፣ መወርወሪያውን ከሦስተኛው ፎቶ ወሰደ። ስለዚህ ቀኝ እጃቸው ገና ሊወረውር የተዘጋጀ ነው፤ መወርወሪያው ግን በግራ በኩል ደርሷል። እንዲህ ያለ ቅጽበት በዚያች ቤት ውስጥ ሆኖ አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ አይተን ያደነቅን ሰዎች፣ መምህራንን ጨምሮ፣ አንዳችንም ይሄንን አላየንም። ሥራውን የሚያውቁት ሰውዬ ግን በግማሽ ደቂቃ አዩት።

የባሰው ገና ነው። የአንድ የክፍል ጓደኛዬ አክስት የባህል ልብስ ትነግዳለች። ፎቶውን በጓደኛዬ ስልክ አይታ የነጠላውን ጥለት ወደደችው። እንዲያውም ለሠርግ ትፈልገው ነበርና አድራሻ ጠይቃ እስከ ቤታቸው ድረስ ሄደች። የፈለገችው በፎቶው ላይ ያየችውን የሚያበራ ውሃ ሰማያዊ ጥለት ነው። አባባ እንዲህ ያለ ክር በቤታቸው የለም፤ የሠሩት ጥለት ጥቁር ሰማያዊ ነበር። ጥላ ውስጥ ያለውን ቀለም ሶፍትዌሩ ጎትቶ ሲያበራው፣ እኔ ደግሞ የቀለም ማድመቂያውን ስጨምርበት፣ ሌላ ክር ሆነ። ሴትየዋ «በፎቶ እኮ አይቼዋለሁ» አለች፣ እሳቸው «እኔ አልሠራሁትም» አሉ። ለሌላ ደንበኛ የደበቁባት መስሏት ተቆጥታ ሄደች። ሥራው ቀረባቸው። ይሄን የነገረችኝ ልጃቸው ናት፤ እሳቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

እንግዲህ «የትኛው ሶፍትዌር አሪፍ ያወጣል?» የሚለውን ጥያቄ የተጠየፍኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ለፍትህ ያህል ፎቶማቲክስ ላይ አልፈርድም። እዚያው ውስጥ ረጋ ያለ፣ ተፈጥሯዊ ምስል የሚያወጣ ዘዴም አለ፤ ማንሸራተቻውን እስከ ጥግ የገፋሁት እኔ ነኝ። ይሁንና ሶፍትዌር ስንመርጥ የምንመርጠው ቁልፍ ብቻ አይደለም፣ የሌላ ሰው አስተያየትም ጭምር ነው። ይሄ የገባኝ በነፃ የሚገኘውን ሉሚናንስ ኤችዲአር የሚባለውን ስሞክር ነው። ሲከፈት «በየትኛው ዘዴ ላዋህድልህ?» ብሎ የስም ዝርዝር ያቀርብላችኋል፦ ፋታል፣ ድራጎ፣ ማንቲዩክ፣ ራይንሃርድ እያለ። እነዚህ የተመራማሪዎች ስሞች ናቸው። ያንኑ ሦስት ፋይል ለሁሉም ሰጠኋቸው። ፋታል ጥላሸቱን ሁሉ ቆጥሮ አወጣ። የ2002ቱ የራይንሃርድ ዘዴ ግን በጨለማ ክፍል ፎቶ የሚያጥቡ የድሮ ሰዎች ከሚጠቀሙበት የብርሃን እርከን አስተሳሰብ የተነሳ ስለሆነ ለፎቶ የቀረበ ነገር አወጣ። አንድ ቤት፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰዓት፤ ግን በእያንዳንዱ ሌላ ዓይነት ቤት። የትኛው ነው አባባ የሚሠሩበት ቤት? ሶፍትዌሩ አያውቅም፤ እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ለእኔ እስካሁን ከሞከርኳቸው ለሕንፃና ለቤት ውስጥ የሚሻለው ከሁጊን ጋር የሚመጣው ኢንፊውዝ ነው። እሱ እንደሌሎቹ ትልቅ የብርሃን ፋይል ሠርቶ በኋላ የሚጨምቅ አይደለም። በ2007 መርተንስ፣ ካውትዝና ቫን ሬት ባቀረቡት ዘዴ ከሦስቱ ፎቶ በየቦታው ጥሩ ብርሃን ያገኘውን እየመረጠ ያጣምራል። አክሊል የመሥራት ሱሱ አነስተኛ ነው። በእጅ ተይዞ የተነሳ ፎቶም ከሆነ ቀድሞ አስተካክሎ የሚደርብ ፕሮግራም አብሮት አለ። ችግሩ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው፤ ሦስቱን እጅ እንዳለ ያስቀምጥላችኋል። እኔ ግን ይሄንን እንደ ችግር ማየት ትቻለሁ። ሦስት እጅ ያለበት ፎቶ «እኔ ከሦስት ፎቶ የተሠራሁ ነኝ» ብሎ በግልጽ ይናገራል። የሚያስፈራው አንድ እጅ ያለበት ነው።

ዳርክቴብልም ጥሩ ነው፣ እሱም በነፃ ነው። ሦስት ሮው ፋይሎችን ወደ አንድ ያዋህዳል፤ ነገር ግን ፎቶዎቹን አያስተካክልም፣ ስለዚህ ትራይፖድ ከሌላችሁ አትልፉ። ላይትሩም ከ2015 ጀምሮ ያለው ማዋሐጃ ረጋ ያለና ምንም ማጋነን የሌለበት ነው፤ ገንዘብ ያለው ሰው እሱን ቢይዝ አልቃወምም። ግን ኪራዩ በየወሩ በዶላር ነው። በየወሩ ለካፌና ለፎቶ ኮፒ የሚበደር ተማሪ ይሄንን ከየት ያመጣል?

ወደ ክራኩ ልምጣ። የእኔ ፎቶማቲክስ በሃምሳ ብር በፍላሽ ያስገለበጥኩት ነው። ሶፍትዌሩ ለዓመታት በ99 ዶላር ሲሸጥ የኖረ ዕቃ ነው። ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ የመጣውን ቫይረስ ወደ ላብ ያስገባሁትም እኔው ሳልሆን አልቀርም። ያን ሰሞን ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው የነበረ ጊዜ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። የዚህ ቡለቲን የአንድ እትም ረቂቅ አብሮ ጠፍቶ አዘጋጆቹ ሁለት ሌሊት ደግመው ጽፈውታል። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደግሞም በሚዲያ ሕግ ኮርስ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ቁጭ ብለን ተምረናል። የቅጂ መብት የሚጠብቃቸው ሥራዎች ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም በስም ተጠቅሷል። የእኛን ፎቶ አንድ ሰው ያለ ስማችን ሲለጥፈው ሠፈር የምናናውጥ ሰዎች ነን።

«የጥበብ ፎቶ ነው፣ ምን አለበት?» የሚለኝ አይጠፋም። ለጥበብ ምንም አይደለም። ሥዕል መሰል ኤችዲአር ለሚወድ ሰው ይስቀለው፣ እኔም ቆሜ አያለሁ። የእኛ አሳይመንት ግን የጥበብ አልነበረም፤ የፎቶ ጋዜጠኝነት ነበር። ከፎቶው ሥር የተጻፈውም ቦታው፣ ቀኑና የሙያው ስም ነው። አንባቢ ያንን ሲያይ «ይሄ ሆኗል» ብሎ ነው የሚያምነው።

ትልልቆቹም በዚሁ ጉዳይ ተነታርከዋል። ዋሽንግተን ፖስት በጥር 2012 እ.ኤ.አ. የፊት ገጹ ላይ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ያለ ድልድይ የሚያሳይ የኤችዲአር ፎቶ አወጣ። ከብዙ ፎቶ የተቀናበረ መሆኑን ከሥሩ ጽፎ ነበር። ያም ሆኖ የአሜሪካ የፕሬስ ፎቶግራፈሮች ማኅበር ፕሬዚዳንት ለዜና አይገባም ብለው ተቃወሙ። እኔ እዚህ ላይ ከጋዜጣው ጎን ነኝ፤ ቢያንስ ተናግሯል። በ2013 ደግሞ የዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድርን ያሸነፈው የፖል ሃንሰን የጋዛ ቀብር ፎቶ ከብዙ ፎቶ የተቀጣጠለ ነው ተብሎ ተከሰሰ። ባለሙያዎች ፋይሉን መርምረው ቅጥል እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ቀለሙና ብርሃኑ እንደተነካካ ተናገሩ። በ2015 በዚያው ውድድር ለመጨረሻ ከደረሱት ፎቶዎች 20 በመቶ ያህሉ ከልክ በላይ ተነካክተዋል ተብለው ወደቁ። በዚያው ዓመት ሮይተርስ ከፍሪላንሰሮቹ ከሮው የተሠራ ፎቶ አልቀበልም፣ ካሜራው ያወጣውን ጄፔግ ላኩልኝ አለ። ይሄ ለእኔ በዛ። ምክንያቱም ጄፔግም ቢሆን ካሜራ ሠሪው ድርጅት ለእናንተ የወሰነው ውሳኔ ነው። ግን ለምን እንደፈሩ ይገባኛል፤ ቀኝ እጅና መወርወሪያ ሲለያይ አይቻለሁና።

ታዲያ ሰው ሲንቀሳቀስ ምን እናድርግ? እኔ የደረስኩበት፣ ኤችዲአር የሚባለውን ነገር ለሰው መተው ነው። አባባ ጋ ተመልሼ ሄጄ በአንድ ሮው ፋይል አነሳኋቸው። ብርሃኑን የለካሁት ነጩ ሸማ ላይ ነው፤ ነጩ እንዳይቃጠል አድርጌ ጥላውን ለማታ ተውኩት። ባለ 14 ቢት ሮው ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 ደረጃ ስላለው ከጨለማው ውስጥ ብዙ ነገር ይወጣል። በዳርክቴብል ጥላውን ትንሽ፣ ግድግዳው መኖሩ እስኪታወቅ ድረስ ብቻ ከፍ አደረግሁት። ስንጥቁ አይታይም። እኔም እዚያ ቆሜ ስንጥቁን አላየሁትም ነበር። ጥላው ውስጥ ትንሽ ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ነገር አለ፤ ይኑር። ለቀለሙ ደግሞ ከጥለቱ የተረፈች አንዲት ቁራጭ ክር ለምኜ ይዤ መጣሁ፤ ስክሪኑ አጠገብ አድርጌ እያየሁ አስተካከልኩ። ከሶፍትዌር ሁሉ የበለጠችኝ እሷ ክር ናት ብል አልዋሽም።

ለትምህርት ክፍሉ ሁለት ነገር አለኝ፣ እንደ ቅሬታ እንዳይታይብኝ። ላብ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ላይ ክራኩን አጥፍቶ ሁጊንን፣ ዳርክቴብልንና ጊምፕን መጫን ብር አይጠይቅም፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ኮምፒውተሮቹ ደካሞች ናቸው፣ ሦስት ሮው ለማዋሐድ ሻይ ጠጥቶ መመለስ ያስፈልጋል፣ መብራት ከሄደም እንደገና ነው፤ ግን ይሠራሉ። ሁለተኛው፣ ኮሪደር ላይ የሚሰቀል ፎቶ ከአንድ በላይ ከሆነ ፋይል የተሠራ እንደሆነ ከሥሩ ይጻፍበት። «ከሦስት ፎቶ የተዋሐደ» የሚሉ ሦስት ቃላት ናቸው። የእኔው ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የጓደኛዬ አክስት ምናልባት ቀለሙን ከማመኗ በፊት ትጠይቅ ነበር። ይህን ሐሳብ ለመምህራችን ነግሬያቸው «ጽፈህ አምጣ» ብለውኛል፤ ይኸው ጻፍኩ።

የድሮውን ፎቶ ከኮሪደሩ ላይ አውርጄዋለሁ። ባዶ ቦታውን አይታችሁ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው። አዲሱን ለአባባ ሰጥቻቸዋለሁ። እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቷ አስጠግተው አዩትና መጀመሪያ መወርወሪያውን፣ ቀጥሎ እጃቸውን፣ ቀጥሎ ጥለቱን በጣታቸው ነኩ። «ግድግዳው ጠቁሯል» አሉኝ። «ቤቱ እኮ ጨለማ ነው አባባ» አልኳቸው። «እሱስ ነው» ብለው ለልጃቸው ሰጧት። ሴትየዋ ጋ በጓደኛዬ በኩል ፎቶውን ልኬያለሁ፤ እስካሁን መልስ አልመጣም።

ሁጊንንና ዳርክቴብልን በፍላሽ ይዣለሁ። የምትፈልጉ ሐሙስ ከክፍል በኋላ ላብ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ላይ ታገኙኛላችሁ። ፍላሻችሁን ግን መጀመሪያ ስካን አድርጉት።